ከተሳቢው ጀምሩ፦ ለሐረጎና ለሚሌ መንገድ የሚሆን ጎታች መኪና አመራረጥ

ኮምቦልቻ ላይ ጎታች መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ጆሮው መጀመሪያ የሚሞላው በፈረስ ጉልበት ነው። «371 ነው!» «420 ነው!» «ይሄ ዳገት አያውቅም!» ደላላ ሥራው ነው፤ አይፈረድበትም። የገዢ ሥራ ግን ሌላ ነው። የፈረስ ጉልበት ዳገቱን በምን ፍጥነት እንደምትወጡ ይነግራችኋል። ቁልቁለቱን በደህና ትወርዱት እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። በእኛ መንገድ ደግሞ ሰውም ንብረትም የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ተሳቢው፣ ቀጥሎ ጭነቱ፣ ከዚያ መንገዱ፤ መኪናው በመጨረሻ ይምጣ። ተሳቢ ስል ፊቱን ጎታቹ ጀርባ ላይ ባለው ክብ ሳህን የሚያሳርፈውን ነው እንጂ፣ በዘንግ ከካሶኒ ኋላ የሚጎተተውን አይደለም። የዚያኛው ሂሳብ ሌላ ነው።

1. ክብደቱን በወረቀት ደምሩ

ከጅቡቲ የሚመጣ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ከነራሱ ክብደት ብዙ ጊዜ እስከ 30,480 ኪሎ ይደርሳል። ቁጥሩ በሩ ላይ ተጽፏል። ባዶው ብቻውን 3,800 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ውስጡ የሚገባው ዕቃ ቢበዛ 267 ኩንታል ያህል ነው። ባለ ሦስት አክስል ተሳቢ ባዶውን ከ6 እስከ 8 ቶን ይመዝናል። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ጎታች፣ ማለትም ሁለቱም የኋላ አክስሎቹ የሚገፉት፣ ደግሞ 9 ቶን ገደማ። ደምሩት፤ ወደ 46 ቶን ይመጣል።

አሁን ደግሞ «400 ኩንታል ይጭናል» ተብሎ የሚሸጠውን ተሳቢ አስቡት። ጭነቱ 40 ቶን፣ ተሳቢው 7፣ መኪናው 9። ድምሩ 56 ቶን። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም፤ አንድ ዓይነት መኪናም አይበቃቸውም። አምራቹ መኪናው ከነተሳቢው ከነጭነቱ ስንት ቶን እንዲሆን እንደፈቀደ በመኪናው ላይ በተለጠፈው የብረት ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ሻጩን ሳይሆን ጽሑፉን እመኑ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል። መንገድ ላይ ያለው ሚዛን የሚያየው ድምሩን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አክስል ላይ ያረፈውንም ያያል። ከባድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ተሳቢው ፊት ላይ ብቻ ብትጭኑ ድምሩ ልክ ሆኖ ሳለ የጎታቹ የኋላ አክስሎች ከልክ ያልፋሉ። የሕጉን ጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛን ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁት «ስንት ቶን ይፈቀዳል?» ብላችሁ ሳይሆን «በአክስል ስንት?» ብላችሁ ነው።

2. መንገዳችሁን ለዩ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ። ኮምቦልቻን ለቃችሁ በባቲ ወደ ሚሌ ከወረዳችሁ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ አፋር ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ጉዞው የጣርማ በር ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ይጠብቃችኋል። አንድ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቱንም ሊያይ ይችላል።

የጅቡቲ ሥራ አንድ ጠባይ አለው። ከባዱ ጭነት ሽቅብ ነው የሚመጣው። ወደ ጋላፊ ድንበር ስትወርዱ ብዙ ጊዜ ባዶ ወይም ቀለል ያለ ነገር ይዛችሁ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስትመለሱ ግን ሞልታችሁ፣ በሙቀት፣ ዳገት ላይ። ለዚህ ሥራ ራዲያተርና የሞተር ጉልበት ይቀድማሉ። ከአዲስ አበባ ጭኖ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ነገሩ ይገለበጥበታል። እሱ ጣርማ በርን የሚወርደው ከነሙሉ ጭነቱ ነው። ለእሱ ፍሬን ከሁሉ ይቀድማል። ሁለቱንም የምትሠሩ ከሆነ ለከፋው ግዙ፤ የከፋው ጣርማ በር ነው።

3. አንድ ዲፈረንሻል ወይስ ሁለት?

ለእኛ አካባቢ ሁለት። ምክንያቱ እነሆ። ከነተሳቢው 37 ቶን የሚሆነው ሙሉ ኮንቴይነር ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን፣ 13 ቶን ገደማ፣ ጎታቹ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። አብዛኛው የሚያርፈው የኋላ አክስሉ ላይ ነው። አንድ አክስል ብቻ ከሆነ የራሱ ክብደት ሲጨመርበት ከአቅሙ ያልፋል።

ሁለተኛው ምክንያት መሬት መጨበጥ ነው። መኪና የሚጎትተው የሚገፉት ጎማዎች መሬት በጨበጡት ልክ ነው። 46 ቶን ይዛችሁ 10 በመቶ ዳገት ላይ በክረምት ብትቆሙ፣ ጭቃ ያለበት አስፋልት ላይ የአንድ ዲፈረንሻል መኪና ጎማ ባለበት ሊሽከረከር ይችላል። ሁለት ዲፈረንሻል ያለው ተነስቶ ይሄዳል። ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል፣ ጎማም ይበዛል። ኪሳራው ግን መንገድ ዘግቶ ከማደር ይሻላል።

የግራና የቀኙን ጎማ አንድ ላይ የሚያስገፋው የዲፈረንሻል ቁልፍ መሥራቱንም አረጋግጡ። ብዙ ያገለገለ መኪና ላይ ማብሪያው አለ፣ ሥራው የለም።

4. ፍሬኑ፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ከሐረጎ ጫፍ ኮምቦልቻ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ600 ሜትር በላይ ቁመት ይወርዳል። ያን ሁሉ ቁመት 46 ቶን ሲወርደው የሚፈጠረው ሙቀት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ከሁለት በርሜል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት የሚችል ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ የፍሬን ሸራ ላይ ከጫናችሁት ሸራው ይግላል፣ ታምቡሩ ይሰፋል። ፔዳሉን እስከ ወለል ብትረግጡም አይዝም። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር ኖሮት አይደለም። ሸራው ተቃጥሎ ነው።

ስለዚህ የምትገዙት መኪና ሸራውን ሳይነካ የሚይዝ ሌላ ነገር ሊኖረው ይገባል። በቁጥር እንየው። 7 በመቶ ቁልቁለት ላይ፣ ማለትም በ100 ሜትር 7 ሜትር በሚወርድ መንገድ፣ 46 ቶን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ለመያዝ ወደ 200 ኪሎ ዋት የሚያግድ ኃይል ያስፈልጋል። ፍጥነቱን ወደ 50 ብታሳድጉት ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። 400 ኪሎ ዋት! ለዚህ ነው ቁልቁለት ላይ በዝግታ መግባት ግዴታ የሚሆነው።

የሚያግደው ነገር ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የጭስ ማውጫውን የሚዘጋው ነው። ርካሽ ነው፣ አብዛኛው መኪና ላይ አለ። ጉልበቱ ግን ከሦስቱ ትንሹ ነው፤ ለሙሉ ጭነት ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው በሞተሩ ቫልቮች የሚሠራው ነው። ሞተሩን ራሱን ወደ ኮምፕሬሰር ይለውጠዋል። ጥሩ ይይዛል። ጉልበቱ የሚገኘው ግን ሞተሩ በርከት ባለ ዙር ሲዞር ነው። ሾፌሩ ዝቅ ያለ ማርሽ መያዝ ካላወቀ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛው ሪታርደር ነው፤ ካምቢዮው ላይ ወይም ከኋላው ተገጥሞ በዘይት የሚያግድ። ከሁሉ ይበልጣል። አውሮፓ ሠራሽ ጎታቾች ላይ በብዛት ይገኛል። የሚያግደውን ሙቀት የሚያወጣው በራዲያተሩ በኩል ስለሆነ ግን ራዲያተሩ የደከመ መኪና ላይ ሪታርደር ሞተር ያቃጥላል።

እኔ ሁለት መኪና ቀርቦልኝ፣ አንዱ 420 ፈረስ ሆኖ የጭስ ማውጫ ፍሬን ብቻ፣ ሌላው 380 ሆኖ ሪታርደር ያለው ቢሆን፣ ለጣርማ በር ሁለተኛውን ሳላቅማማ እወስዳለሁ። ዳገቱን ዘግይቼ ብወጣ ምን አለበት?

ማርሽ አውጥቶ መልቀቅን በተመለከተ ብዙ አልልም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ይህን የሚያደርግ ሾፌር ካላችሁ ሾፌሩን ቀይሩ።

5. ሞተርና ካምቢዮ

አሁን ፈረስ ጉልበቱን ማንሳት ይቻላል። 371 ፈረስ ያለው ጎታች 46 ቶን ይዞ 7 በመቶ ዳገት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። 440 ያለው 28 ገደማ። 371 ያለውን 56 ቶን ብታስጎትቱት ወደ 20 ይወርዳል። እንግዲህ ልዩነቱ በሰዓት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ለኮንቴይነር ሥራ 371 አያሳፍርም። 400 ኩንታል ለሚጭን ግን 420 እና ከዚያ በላይ ይሻላል።

ከፈረስ ይልቅ ቶርኩን፣ ማለትም ሞተሩ የሚጠመዝዝበትን ኃይል፣ ጠይቁ። ቶርኩ በዝቅተኛ ዙር ላይ፣ በ1,100 እና በ1,500 መካከል የሚገኝ ከሆነ ሞተሩ ሳይጮህ ይጎትታል። ነዳጁም ይቀንሳል።

ከፍታም አለ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ቱርቦ ያለው ብዙም አይጎዳም፤ ቱርቦው ጤነኛ ከሆነ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያጎርፍ መኪና ካያችሁ መጀመሪያ ቱርቦውንና የአየር ማጣሪያውን ጠርጥሩ።

ዲፈረንሻሉ ላይ የሚጻፍ ቁጥር አለ። ትልቅ ቁጥር፣ ለምሳሌ 4.8 ወይም 5.73፣ ለዳገት ነው። ሜዳ ላይ ግን ሞተሩን ያስጮኻል። 3.7 አካባቢ ለሜዳ አስፋልት ነው። ከሚሌ ወዲያ ረጅም ሜዳ፣ ከባቲ ወዲህ ዳገት ለሚሠራ ሰው መካከለኛው ይስማማል። ግንባታ ቦታና ኮረኮንች የሚገባ ሰው ደግሞ ጎማው መሐል ላይ ተጨማሪ ማርሽ ያለውን አክስል ይምረጥ። ክብደት አለው፣ ዲፈረንሻሉን ግን ከፍ ያደርግለታል፤ ድንጋይ አይመታውም።

6. መጋጠሚያው

ሰው መኪናውን ገዝቶ ሲያበቃ ተሳቢው አልገጥም የሚለው እዚህ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ከተሳቢው ሥር የተንጠለጠለው ፒን ሁለት መጠን አለው፦ ባለ 2 ኢንች እና ባለ 3.5 ኢንች። የመኪናው ሳህን የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ባለ 2 ኢንቹ የተለመደው ነው፤ ባለ 3.5ቱ ብዙ ጊዜ በጣም ከባድ ዕቃ የሚጭን ሎቤድ ላይ ይገኛል። አዲስ ባለ 2 ኢንች ፒን ውፍረቱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ተበልቶ 49 ከደረሰ መቀየር አለበት።

ቀጥሎ ቁመት። ተሳቢውን ሜዳ ላይ ደልዳላ አቁሙት፤ ፒኑ ያለበትን ሳህን ከመሬት ለኩ። ከዚያ የጎታቹን ሳህን ለኩ። የቻይና ጎታቾች ባለ 12.00 በ20 ጎማ ስላላቸው ከፍ ይላሉ። አውሮፓ ሠራሽ የአስፋልት ጎታቾች ዝቅ ይላሉ። ለዝቅተኛ ጎታች የተሠራ ተሳቢ ከፍተኛው ላይ ብታስቀምጡ አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄዳል። የኋላ አክስሎቹ ጭነቱን እኩል አይካፈሉም፤ የመጨረሻው ጎማ ቶሎ ያልቃል። ረጅሙን ኮንቴይነር፣ ቁመቱ 2.9 ሜትር የሆነውን፣ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከላይ ሽቦና ድልድይ ያስነካል።

ሦስተኛው ርቀት። ከፒኑ እስከ ተሳቢው የፊት ጥግ በሰያፍ ለኩ። ከጎታቹ ሳህን መሐል እስከ ጋቢናው ጀርባ ያለው ከዚያ በልጦ መገኘት አለበት፣ ክፍተት ጨምሮ። አለዚያ የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ስትታጠፉ የተሳቢው ጥግ ጋቢናውን ይበላዋል። ነገሩ የሚታወቀው ደግሞ ሜዳ ላይ ሳይሆን ጎማው በአንድ በኩል ሲወጣና ሲታጠፍ ነው።

ሳህኑ ከአክስሎቹ መሐል ትንሽ ወደ ፊት መሆን አለበት። ወደ ኋላ ከሄደ መሪው ይቀላል፤ ዳገት ላይ መኪናው አቅጣጫ አልይዝ ይላል።

7. ማን ሠራው?

እዚህ ላይ ሰው ይጣላል፣ እኔም ከማንም አልጣላም። ሲኖ ሆዎ መለዋወጫው ኮምቦልቻም ደሴም ይገኛል፣ መካኒኩም ያውቀዋል። ገልባጩን «ቀይ ሽብር» እያልን ብናማውም ጎታቹ እንጀራ ያበላል። ኢቬኮ ትራከር አዲስ አበባ አምቼ ሲገጣጠም የኖረ ስለሆነ የሚያውቀው እጅ ብዙ ነው። አክትሮስ፣ ቮልቮና ስካኒያ በምቾትም በፍሬንም ይበልጣሉ። ኮምፒዩተራቸው ሲታመም ግን መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ጋራዥ ዙሩ። ለመረጣችሁት መኪና የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራና የውሃ ፓምፕ ዛሬ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። «ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» የሚለው መልስ ከበዛ መኪናው ቆሞ የሚውልበትን ቀን አስቡበት።

8. ያገለገለ ከሆነ

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ። ደርሳችሁ ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ይበላል። እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያ ክዳኑን ክፈቱ፤ በግፊት ጭስ የሚተፋ ከሆነ ውስጡ አልቋል። ሻጩ «በእናቴ፣ ሞተሩ ወርዶ አያውቅም!» ይላችኋል። ሞተሩ ወርዶ ማወቁ ነውር አይደለም፤ ማን እንዳወረደውና ደረሰኙ ነው ቁም ነገሩ። የራዲያተሩን ውሃ የምታዩት ግን ሞተሩ ሳይነሳ ነው፤ ዘይት ከተንሳፈፈበት የቴስታታው ጋርኒሲዮን ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ከሥሩ ግቡ። ሻንሲው ላይ፣ በተለይ ሳህኑ የታሰረበት ቦታና የባሌስትራው መያዣ አካባቢ፣ የብየዳ ጠባሳ ፈልጉ። አዲስ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ካያችሁ ለምን ተቀባ በሉ።

የፍሬኑን ንፋስ ሙሉት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ፍሬን ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ። ጠቋሚው ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ ንፋስ ያፈሳል።

ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2321 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ዓመት፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ አፋር ሙቀት ላይ ይፈነዳል። ጎሚስታ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋም።

9. ጭናችሁ ሞክሩት

ባዶ መኪና ሁሉ ጀግና ነው። ሻጩ እሺ ካለ የተጫነ ተሳቢ አስገጥማችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ውጡ። እሺ ካላለ እሱም መልስ ነው። ስትወጡ የሙቀት ጠቋሚውን እዩ፤ ሽቅብ እየሄደ ካልቆመ ለሚሌ አይሆንም። ሰፊ ቦታ ስታገኙ ዳገት ላይ ቁሙና ተነሱ። ፍሪሲዮኑ ከሸተተ ወይም መኪናው ከተንቀጠቀጠ ልብ በሉ። ስትመለሱ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተር ፍሬን ብቻ ያዙት። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ውረዱና እጃችሁን ቸርኬዎቹ አጠገብ ብቻ አስጠጉ፤ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ሸራው ይነክሳል ወይ ኩሽኔታው ሄዷል።

10. ወረቀትና የመጀመሪያው ቀን

ጎታቹና ተሳቢው ለየብቻ ሊብሬና ሰሌዳ አላቸው። ሁለቱንም እዩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። እዳና እገዳ እንደሌለበት ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜው ያላለፈ ይሁን።

መኪናው የእናንተ ሆኖ የመጀመሪያ ቀን ስታገናኙት ሾፌሩም ረዳቱም ይህን ይልመዱ። ጎታቹ በቀስታ ወደ ኋላ ገብቶ «ቋ» ሲል ነገሩ አላለቀም። ባትሪ አብርታችሁ ከሥር ግቡና መንጋጋው ፒኑን ዙሪያውን መያዙን እዩ። በሳህኑና በተሳቢው መካከል ብርሃን ከታየ አልተቀመጠም። ቀዩንና ቢጫውን የንፋስ ቱቦ፣ ቀጥሎ የመብራቱን ገመድ አገናኙ። ከዚያ የተሳቢውን ፍሬን ይዛችሁ በአንደኛ ማርሽ ወደ ፊት ሳብ አድርጉት። ካልተላቀቀ የተሳቢውን እግሮች እስከ መጨረሻ ሰብስቡ፣ የእግሮቹን መዘውር መያዣው ላይ አስገቡት፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ ተመልክታችሁ ውጡ።